«አማማ» ሲባል ዞር አልኩ

ይህ አምድ ለሦስት ሳምንት ሲጠፋባችሁ ወደ ዝግጅት ክፍሉ እየደወላችሁ «ምን ሆነች?» ላላችሁ አንባብያን ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ደህና ነኝ። ድንኳን ውስጥ ነበርኩ።

በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ድንኳን ሲባል የሚታየው ወይ ሠርግ ነው ወይ ለቅሶ። ልጄ በስልክ «እማዬ፣ ዘንድሮ ስትመጪ ለአሥር ቀን ድንኳን ውስጥ ነው የምንሰነብተው» ስትለኝ «ምነው፣ ማን ሞተ?» ማለቴ ለዚህ ነው። ሳቋን እስክትጨርስ ጠበቅኳት። ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖረው ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ከተማ ነው። ትልቋ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ማሙሽ ሰባት። አማቼ ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው ቢሆንም በካስማ አተካከል ላይ ምክር የማይቀበል የድንኳን ሊቅ ሆኗል። እሱ ሒሳቡን ሲያስረዳኝ ተቃውሞዬ ቀነሰ። በነሐሴ ወር፣ ባሕር ዳር፣ ለአምስት ሰው ሆቴል እንያዝ ቢሉ ገንዘቡ ሁለት ሌሊትም አያሳድር።

የሄድነው ወደ ባስክ ምድር ነው። የዓለም ካርታ ላይ ባስክ የሚባል መንግሥት አታገኙም። ከፒሬኔ ተራሮች ምዕራባዊ ጫፍ ወዲህና ወዲያ የሚኖር፣ ሰባት ጥንታዊ አውራጃዎች ያሉት ሕዝብ ነው፤ አራቱ በስፔን ውስጥ፣ ሦስቱ በፈረንሳይ ውስጥ ናቸው። ከቦርዶ ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነድተን ቢዳሶዋ የሚባለውን ወንዝ ስንሻገር ፈረንሳይ አለቀና ስፔን ተጀመረ። የመንገድ ምልክቶቹ ግን በሁለቱም በኩል አንድ የማይገባኝ ቋንቋ ነበረባቸው። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አውቀዋለሁ ብዬ ነው መኪና ውስጥ የገባሁት።

ድንኳናችን የተተከለው ሳራውትስ ከምትባል ከተማ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ ነው። ከታች ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚረዝም አሸዋ ተዘርግቷል፤ ከአሸዋው ወዲያ አትላንቲክ ነው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ቁጥር ያላት የሣር መደብ ትሰጠዋለች። መጸዳጃው፣ ሻወሩ፣ የዕቃ ማጠቢያው የጋራ ነው። ሰው ሁሉ ሳፋውን በብብቱ ይዞ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲመላለስ ሳይ የልጅነቴ ግቢ ትዝ አለኝ። ልዩነቱ እዚህ ሰዎች ለዚህ ኑሮ ገንዘብ መክፈላቸው ነው።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ዘነበ። ያ ባሕር ዳር እንዲያ የለመለመው በከንቱ አይደለም፤ «ሲሪሚሪ» የሚሉት ካፊያ አላቸው፣ ሳያስታውቅ የሚያበሰብስ። በአየር የሚነፋው ፍራሼ ሌሊቱን ቀስ እያለ ተንፍሶ ንጋት ላይ ራሴን መሬት ላይ አገኘሁት። ለሽንት ለመውጣት ዚፑን ስፈልግ ያላስቀሰቀስኩት ሰው የለም። እናም ልጆቻችሁ ውጭ አገር ካሉና እንዲህ ያለ ግብዣ ከመጣላችሁ፣ ከመሬት ከፍ የሚል ታጣፊ አልጋ ካልቀረበ አልሄድም በሉ። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ አስገዙ፤ ሁለት እጃችሁ ነፃ ሆኖ ዚፕ ትከፍታላችሁ። ድንኳኑ ከመጸዳጃው እንዳይርቅ፣ በሩ ሥርም እንዳይሆን። ቦታው በነሐሴ ስለሚሞላ አስቀድሞ መያዝ አለበት። እኔ ታጣፊ አልጋዬን ያገኘሁት በሁለተኛው ቀን ነው፤ አማቼ ጠዋት ፊቴን አይቶ ሱቅ ሄደ።

ባሕሩንም አላወቅኩበትም። የባሕር ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚሸሽና እንደሚመለስ፣ ጨረቃም እንደምትስበው ለስንቱ ተማሪ አስተምሬያለሁ። ግን ደገኛ ነኝ። ጫማዬን አሸዋ ላይ አስቀምጬ ከማሙሽ ጋር ጠጠር ስንለቅም ቆይቼ ስመለስ አንደኛው እግር የለም። ማሙሽ እጁን ወደ ባሕሩ ዘርግቶ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር አለ። ልጄ ተረጎመችልኝ፦ «ባሕሩ ሲመልሰው እንጠብቅ ወይ ይላል።»

ይህን «ልጄ ተረጎመችልኝ» የሚለውን ልብ በሉልኝ። ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ድንኳኑ ደጃፍ ሻይ እየጠጣሁ ሳለ የልጅ ድምፅ «አማማ!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። «አቤት!» ብዬ ዞርኩ። የእኔ ልጅ አልነበረም። ከጎናችን የሰፈሩት ቤተሰቦች ልጅ አያቱን ነው የጠራው። እሳቸውም ከድንኳናቸው ብቅ ብለው በራሳቸው አቤት አሉ። ሁለት አሮጊቶች ለአንድ ልጅ መልስ ሰጥተን ተያየንና ሳቅን።

ሴትዮዋ ከቢልባዎ አካባቢ ናቸው። በእነሱ በኩል ባለው የባስክ ቋንቋ እናት «አማ» ናት፣ አያት «አማማ»። ድንኳናችን ባለበት አውራጃ ደግሞ አያትን «አሞና» ይሏታል። የልጅ ልጆቼ እኔን የሚጠሩኝ «እማማ» ብለው ነው። ጆሮዬ እንጂ ቋንቋዎቹ አይዛመዱም፤ ኤውስካራ፣ ማለትም ባስክኛ፣ ከማንም ጋር ዝምድናው ያልታወቀ ቋንቋ ነው። ዙሪያውን እንደ ስፔንኛና ፈረንሳይኛ ያሉ የላቲን ልጆች ከበውታል፤ እሱ ግን ላቲን ወደዚያ አገር ሳይደርስ የነበረ ነው። ባስክ የሆነን ሰው «ኤውስካልዱን» ይሉታል፤ ትርጉሙ «ኤውስካራ ያለው» ማለት ነው። ሰውየውን የሚጠሩት በደሙም በአገሩም አይደለም፣ በያዘው ቋንቋ ነው።

ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ጎረቤቴን መከታተል ጀመርኩ፤ ሥራ ፈት አሮጊት ምን ትሠራለች። የልጅ ልጃቸው እየሮጠ መጥቶ በስፔንኛ አንድ ነገር ይጠይቃቸዋል። እሳቸው ቲማቲም መቁረጣቸውን ይቀጥላሉ። ልጁ ደግሞ ይጠይቃል። ዝም። መጀመሪያ ጆሯቸው የደከመ መስሎኝ አዝኜ ነበር። ልጁ ትንፋሹን ሰብስቦ በኤውስካራ ሲጠይቅ ግን ወዲያው ቀና ብለው ይመልሱለታል፣ ዳቦውንም ይሰጡታል። በቀን አሥር ጊዜ እንዲህ ነው። አይቆጡም፣ አያርሙም። ስፔንኛ የማይሰማ ጆሮ ብቻ ነው ያላቸው።

አንድ ማታ ሽሮ ሠራሁ። ወቅቱ ጾመ ፍልሰታ ስለነበር ሽሮና በርበሬ በሻንጣዬ ይዤ ነበር። ቡታጋዟ ላይ ሲንተከተክ ሽታው ጎረቤቶቻችንን ጠራልን። ሴት ልጃቸው የእንግሊዝኛ መምህር ናት፤ በእሷ በኩል ከእናትየው ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ተጫወትን። ዕድሜያችን እኩያ ነው። የተወለዱት በጄኔራል ፍራንኮ ዘመን ነው። ፍራንኮ ከ1939 እስከ 1975 (የማነሳቸው ዓመታት ካልገለጽኩ በስተቀር የፈረንጅ ናቸው) ስፔንን ሲገዛ ባስክኛ ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ተባርሮ ነበር። ልጅን በባስክ ስም ማስመዝገብም አይቻልም ነበር። እሳቸው በመዝገብ አንድ ስም፣ በቤት ሌላ ስም ነበራቸው። እናታቸው ደግሞ ስለ ቀለበቱ ይነግሯቸው ነበር። ክፍል ውስጥ ባስክኛ ሲናገር የተገኘ ልጅ ቀለበት ይሰጠዋል። እሱም ሌላ ተናጋሪ ይፈልግና ያስተላልፍለታል። በመጨረሻ ቀለበቱ እጁ ላይ የተገኘው ይቀጣል። ልጆቹ እርስ በርስ እንዲሰላለሉ ማለት ነው።

ቋንቋው የተረፈው በጓዳ ነው። ሳን ሰባስቲያን ውስጥ ኤልቢራ ሲፒትሪያ የተባለች መምህርት በ1940ዎቹ ጥቂት ሕፃናትን እቤቷ ሰብስባ በኤውስካራ ማስተማር ጀመረች። «ኢካስቶላ» የሚባሉት የባስክኛ ትምህርት ቤቶች ከእንዲህ ያለው ጓዳ የወጡ ናቸው። በ1968 የተበታተኑትን ዘዬዎች አንድ የሚያደርግ የጽሑፍ ቋንቋ መሠረቱ ተጣለ፤ በ1979 ደግሞ በራስ ገዙ የባስክ ክልል ከስፔንኛ እኩል የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። ዛሬ ብዙው ልጅ የሚማረው በኤውስካራ ነው። «ታዲያ አሁን ምን ያሳስብዎታል?» አልኳቸው። ልጃቸው የተረጎመችልኝ መልስ ይህ ነው፦ ክፍል ውስጥ በኤውስካራ ይማራሉ፤ ደወል ተደውሎ ሜዳ ሲወጡ ኳሷን የሚጠሩት በስፔንኛ ነው። እናም እሳቸው ትምህርት ቤት የማይሠራውን ሥራ እየሠሩ ነው።

ያን ሌሊት በታጣፊ አልጋዬ ላይ ሆኜ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በዝናብ አልነበረም።

ልጄ ትልቋን ስትወልድ በአማርኛ ነበር የምታናግራት። ልጅቷ መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ አንዲት መምህርት «እቤት በፈረንሳይኛ ብቻ አናግሯት፤ ሁለት ቋንቋ ያደናግራታል» አለቻቸው። እነሱም ሰሙ። ማሙሽ ሲወለድ አማርኛው ከቤቱ ወጥቶ ነበር። ይህን ስሰማ ያቺን የማላውቃትን መምህርት ስንት ዓመት በሆዴ ስወቅሳት ኖሬያለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ልጄ አዲስ አበባ ስታድግ እቤት ውስጥ በአማርኛ ስትጠይቀኝ «በእንግሊዝኛ በይው!» እያልኩ የምቆጣት ማን ነበርኩ? እንግዳ ሲመጣ እንግሊዝኛ እንድትናገር የማስቆማትስ? ዳቦውን የምሰጠው በእንግሊዝኛ ስትጠይቀኝ ነበር። የጎረቤቴን ዘዴ እኔም አውቀው ነበር፤ በግልባጩ።

ይህን የማነሳው ውጭ አገር ላሉት ብቻ አይደለም። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከሁለት አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ተወልዶ አያቱን በምልክት የሚያናግር ልጅ ታውቃላችሁ። እኔም ሰፈሬ ውስጥ ሦስት አውቃለሁ።

ወደ ሽርሽሩ ልመለስ። በካምፕ መክረም ጥሩነቱ ጠዋት ሰማዩን አይቶ መወሰን ነው። ሲዘንብ ወደ ከተማ፣ ሲጠራ ወደ ባሕር። አንድ የጠራ ቀን አጠገባችን ያለችው ጌታሪያ ሄድን፤ ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ሁዋን ሴባስቲያን ኤልካኖ የዚህች ከተማ ልጅ ነው። ተማሪዎቼ ከሆናችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዓለምን የዞረው ማጄላን ነው እያልኩ ብዙዎቻችሁን አሳልፌያችኋለሁ። ማጄላን በ1521 ፊሊፒንስ ላይ ተገደለ። «ቪክቶሪያ» የተባለችውን መርከብ ይዞ በ1522 ከአሥራ ሰባት ባልደረቦቹ ጋር ስፔን የገባው ኤልካኖ ነው። ሱማያ ላይ ደግሞ ባሕሩ ሲሸሽ ከገደሉ ሥር የሚታዩትን የድንጋይ ንብርብሮች አየን። ከስልሳ ሚሊዮን ዓመት በላይ የምድር ታሪክ ቅጠል በቅጠል ተነባብሯል፤ ዳይኖሰሮች የጠፉበት ዘመንም እዚያው ገደል ላይ ተጽፏል። ማሙሽ ግን ዳይኖሰሩ ራሱ ካልታየ ምን ዋጋ አለው አለ።

ሳን ሰባስቲያን ውብ ናት፤ ስለ ውበቷ የጻፈላት ስለማይጠፋ አልፋታለሁ። ልጆቹ የወደዱት ከ1912 ጀምሮ ወደ ኢጌልዶ ተራራ የሚወጣውን አሮጌ የገመድ ባቡር ነው። እኔ የተፈተንኩት በ«ፒንቾ» ነው። በየመጠጥ ቤቱ ባንኮኒ ላይ የሚደረደር፣ ትንሽ ቁራሽ ዳቦ ላይ ሥጋው፣ ዓሣው፣ እንቁላሉ በስቴኪኒ ተወግቶ የሚቀርብ ምግብ ነው። ሁሉም የፍስክ! ያዳነኝ የጌርኒካ ቃሪያ ነው። በዘይት ተጠብሶ፣ ጨው ተነስንሶበት ይመጣል። አያቃጥልም፤ ቃሪያ መባሉም ለአክብሮት ነው፣ ግን ሁለት ሳህን በላሁ።

ቢልባዎ የሄድነው በዝናብ ነው። ከከተማዋ በታች ወንዙ ወደ ባሕር ሲቀርብ፣ በ1893 የተሠራ የብረት ድልድይ አለ። መኪናና ሰው የሚሻገሩት ላዩ ላይ አይደለም፤ ከላይ በገመድ በተንጠለጠለች ክፍል ውስጥ ገብተው ነው፣ ልክ እንደ ዥዋዥዌ። መርከቦች እንዲያልፉ ተብሎ እንዲያ ተሠራ፣ ዛሬም ይሠራል፤ ዩኔስኮም መዝግቦታል። ማሙሽ ሦስት ጊዜ አሻገረን። እሱ ኳስ ወዳድ ስለሆነ ሳን ማሜስ ስታዲየምን በውጭ በኩል ዞረን አየን። የቢልባዎው አትሌቲክ ክለብ የሚያሰልፈው የባስክ ተወላጅ ወይም እዚያ ኳስ ተምሮ ያደገ ተጫዋች ብቻ ነው። አጥቂው ኢኛኪ ዊሊያምስ ወላጆቹ ከጋና ሰሐራን አቋርጠው የመጡ፣ ቢልባዎ የተወለደ፣ ስሙም የባስክ ስም ነው። እሱ ለጋና ይጫወታል፣ ታናሽ ወንድሙ ኒኮ ለስፔን። ማሙሽ ይህን ከአባቱ ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና «እኔ ለሁለቱም እጫወታለሁ» አለ። ሁለቱም ያለው እነማንን እንደሆነ አልጠየቅነውም።

ጉገንሃይም ሙዚየምን፣ ያንን በ1997 የተከፈተ የሚያብለጨልጭ ሕንፃ፣ ልጄና ባሏ ገብተው አዩ። እኔ ከልጆቹ ጋር ደጃፉ ላይ ቀረሁ፤ እዚያ አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ መላ አካሉ በአበባ የተሸፈነ ውሻ ተቀምጧል። «ይህ ምንድን ነው?» አልኳት ትልቋን። «ውሻ» አለችኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

በማግስቱ ጌርኒካ ገባን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጌርኒካ ትንሽ ከተማ ናት። የባስክ ሽማግሌዎች ከጥንት ጀምሮ የሚሰበሰቡባት የኦክ ዛፍ እዚያ አለች፤ የአገሩ ገዢዎችም ሕጋችሁን አከብራለሁ ብለው የሚምሉት ከሥሯ ነበር። በእኛ ዋርካ ሥር እንደሚባለው ነው። ዛፏ ስትደርቅ ከዘሯ የበቀለች ትተካታለች፤ የአሁኗ የተተከለችው በ2015 ነው። የቀድሞዋ ግንድ ደግሞ እንደ ቤተ መቅደስ ምሰሶ ባለው ክብ ጣሪያ ሥር ተቀምጧል። ሚያዝያ 18 ቀን 1929 በእኛ አቆጣጠር፣ ሰኞ፣ የገበያ ቀን ነበር። ፍራንኮን ሊረዱ የመጡ የጀርመንና የጣሊያን አውሮፕላኖች ከሦስት ሰዓት በላይ እየተመላለሱ ከተማዋን በቦምብና በእሳት አወደሟት። ዛፏ ተረፈች። ፒካሶ ታላቁን ሥዕሉን የሣለው በዚህ ነው። ዋናው ማድሪድ ቢሆንም ጌርኒካ ውስጥ በሸክላ ጡብ የተሠራ ቅጂው ግድግዳ ላይ አለ።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የጻፍኩት እንድታሰሉት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ላይ ከሆነው በኋላ ሁለት ወር ከስድስት ቀን ነው። ጌርኒካ ውስጥ ራሱን ያገኘሁት የአንድ ሰው የነሐስ ሐውልትም ይህንኑ አስታወሰኝ። ጆርጅ ስቲር ይባላል፤ ጋዜጠኛ ነው። ጣሊያን ሲወረን ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ከእኛ አገር ይዘግብ ነበር። በግንቦት 1936 ጣሊያኖች ከአዲስ አበባ አባረሩት፤ ያየውንም «ሲዛር ኢን አቢሲኒያ» በሚል መጽሐፍ አሳተመው። በሚቀጥለው ዓመት ቢልባዎ ነበር። ጌርኒካ ስትነድ በዚያው ሌሊት ደረሰ፤ ዘገባው ከሁለት ቀን በኋላ ለንደንና ኒውዮርክ ሲታተም ዓለም አወቀ። ከተማዋን ባስኮች ራሳቸው አቃጠሏት የሚለውን የፍራንኮን ወገን ወሬ ዋጋ ያሳጣው እሱ ነው። ለልጁ የክርስትና አባት የሆኑት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ከንጉሡ ጋር ወደ አገራችን ተመልሶ አገልግሏል፤ በ1944 በመኪና አደጋ ሞተ፣ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነበር። ጌርኒካ ሐውልት አቁማለታለች፣ መንገድም ሰይማለታለች። እኛ ምን እንዳደረግንለት ለማሰብ ሞክሬ ተውኩት።

ከተማዋ የሰላም ሙዚየም አላት። እዚያ አንድ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ የአንዲት የጌርኒካ ሴት ድምፅ የዕለት ኑሮዋን ስትተርክ ትሰማላችሁ፤ ከዚያ አውሮፕላኖቹ ይመጣሉ። ማሙሽን ከአባቱ ጋር ውጭ ተውነው። ስንወጣ ትልቋ እጄን ይዛ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጥንና በተሰባበረ አማርኛ «እማማ፣ አንቺ... እናት... እንዲህ?» አለችኝ።

እናቴ የደሴ ልጅ ናት። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ሰባት ዓመቷ ነበር። የማሙሽ ዕድሜ ማለት ነው። ታሪኩን መቶ ጊዜ ነግራኛለች። ለልጄ መንገሬን ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ በእንግሊዝኛ አይነገርም ነበርና።

መናገር ጀመርኩ። ልጄ ከጎናችን ሆና ለመተርጎም አፏን ስትከፍት ትልቋ እጇን ዘረጋችባት። «ተይ እማ። ቀስ ትበል።»

ቀስ አልኩ። እናቷ፣ ማለትም ቅድመ አያቴ ሳትሆን የእኔ አያት፣ ሣር ላይ የተሰጣ ነጭ ልብስ ስትሰበስብ እንደነበር ነገርኳት፤ ነጭ ከሰማይ ይታያል ስለተባለ። እናቴ እስክትሞት ድረስ የአውሮፕላን ድምፅ ስትሰማ የተሰጣ ነጠላ ታስገባ ነበር። ከዚያ ከከተማው ሸሽተው መውጣታቸውን፣ ሦስት ቀን ዋሻ ውስጥ መቀመጣቸውን ነገርኳት። ልጅቷ ግንባሯን አኮማተረች።

«ውስጥ? ሦስት ቀን?»

«አዎ፣ ሦስት ቀን።»

«ማን ሁሉ?»

«እናቴ፣ አያቴ፣ ጎረቤቶቹ፣ ሃያ ሰው ይሆናል።»

«እንደ ቢልባዎ ትልቅ ነው?»

ለቅጽበት አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ልጅቷ ዋሻን ውሻ ብላ ሰምታ፣ ቅድመ አያቷን ከሃያ ጎረቤቶቿ ጋር በአበባ በተሸፈነ ውሻ ሆድ ውስጥ አስቀምጣት ኖሯል። እናቷ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ስትስቅ ትልቋ ተቆጣች፣ ከዚያ እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። የምንስቅበት ቦታ አልነበረም። መሬት ላይ በጣቴ ተራራ ሣልኩ፣ በተራራው ላይ ቀዳዳ። «ዋ» አልኳት፣ አፌን ከፍቼ። «ዋሻ» አለች። ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ በትርጉም ቢሆን ሦስት ደቂቃ ነበር። አንዳንዱ እንዳልገባት አውቃለሁ።

ከጌርኒካ መልስ የጎረቤቴን ዘዴ በማሙሽ ላይ ሞከርኩት። በፈረንሳይኛ ብስኩት ጠየቀኝ፤ ዝም አልኩ። ደገመ፤ ዝም አልኩ። ሄዶ ከአባቱ ተቀበለ። ይህ ዘዴ መላው ቤተሰብ ካልተስማማበት አይሠራም፤ ልጅ ብልጥ ነው። እኔም የጠየቀኝን ልጅ ዝም ብሎ ማየት ከባድ ሆኖብኛል፤ በሁለተኛው ቀን ብስኩቱን እየሰጠሁት «ብስኩት ስጪኝ በል» ወደማለት ወረድኩ። ልጄና ባሏ ግን ማታ ማታ ድንኳኑ ውስጥ ሲነጋገሩ እሰማቸው ነበር። ከመስከረም ጀምሮ እራት ላይ በአማርኛ ብቻ እንሞክር ተባብለዋል። አማቼ «እኔ ራሴ ግማሹን ረስቼዋለሁ» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ የተኛሁ መስሎት።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ካፊያ ነበር። እርጥብ ድንኳን እንዴት እንደሚታጠፍ አማቼ ለእኔም ለጎረቤቶቹም ማብራሪያ ሰጠ። ሴትዮዋ አንድ ከረጢት የጌርኒካ ቃሪያ ይዘው መጡ። እኔም የተረፈኝን በርበሬ በጠርሙስ አድርጌ ሰጠኋቸው። የእሳቸው የልጅ ልጅ ክዳኑን ከፍቶ ሊቀምስ ጣቱን ሲያስገባ ትልቋ አየችው። በምን ቋንቋ ታስቆመው? እጁን ያዝ አድርጋ፣ በአማርኛ፣ «ተው! ያቃጥላል!» አለችው። ልጁ ቆመ። ከዚያ ወደ አያቱ ዞሮ በኤውስካራ ጠየቃቸው። ምን እንዳለ ልጃቸው ነገረችኝ፦ «አማማ፣ ምንድን ነው ያለችኝ?»